የዳሳሽ ልጅ

ልጆች ሳለን፣ ያን ቀን፣ እናቴ ዘርፌ ጓዳው በር ላይ ነበረች፤ ሕፃኗን እህቴን በጀርባዋ አዝላ፣ እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ለብሶ። አክስቴ አትጠገብ ከማክሰኝት በጭነት መኪና ያመጣችውን የጤፍ ጆንያ ተደግፋ ግቢው መካከል ቆማለች። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ገና መግባታቸው ነው፤ ጥላቸውን እንደያዙ ከአጥሩ በር አላለፉም። እኔ የታጠበ ልብስ ከገመድ አወርዳለሁ። ዳሳሽ ከኋላ ቤት ደጃፍ፣ ከተቀመጠችበት አጎዛ ላይ ብድግ ብላለች፤ ቢያድግልኝ የሚባለው ወንድሜ ፊቱን ቀሚሷ ውስጥ ቀብሯል። ሌላ ሰው አልነበረም። ዝናቡ ሊጥል ያንጠባጥባል።

ባለፈው ክረምት ከወንድሜ ጋር ለለቅሶ ወደ ደባርቅ ስንሄድ ሚኒባሱ ኮሶዬ ላይ ሰው ለመጫን ቆመ። ባና የተከናነበች ሴት ገብታ ከፊታችን ተቀመጠች። ባናው ዝናብ ጠጥቷል። የረጠበ የበግ ጠጉር ሽታ፣ ከጭስና ከሞራ ጋር የተደባለቀ፣ መኪናውን ሞላው። ወንድሜ አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ያዘና «ኧረ መስኮቱን ክፈቱት! ይኸ ምን ዓይነት ሽታ ነው?» አለ። ሴትዮዋ ባናዋን ሰብስባ ወደ ጥግ ሸሸች። ረዳቱ መስኮቱን ከፈተው። ወንድሜ ልጅ ሳለ በዚያ ሽታ ውስጥ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። ዛሬ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ነው። ዳሳሽን ታስታውሳለህ ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ። «የቷ ዳሳሽ?» ነው ያለኝ።

ዳሳሽ የጃናሞራ ሰው ናት፤ ከመካነ ብርሃን አካባቢ። ባሏ አልወለድሽልኝም ብሎ ሲያሰናብታት ጎንደር መጥታ ከቤታችን ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራየች። ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ መስኮት የሌላት ክፍል ነበረች። ሥራዋ የበግ ጠጉር መፍተል ነው። የተሸለተውን ጠጉር ታጥባለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ ትፈትላለች፤ ባና ሠሪዎች መጥተው ፈትሉን ይወስዳሉ። ረጅም፣ አንገቷ ላይ ንቅሳት ያላት፣ ብዙ የማትናገር ሴት ነበረች። የጠጉሩ ቅባት እጇን ስላለሰለሰው ጉንጫችንን ስትዳስሰን ሥራ የማያውቅ እጅ ይመስል ነበር። ቤቷ ውስጥ የነበረው አንድ መደብ፣ አንድ ኩራዝ፣ የውኃ መጠጫ ጣሳና እስከ ጣሪያ የተከመረ ጠጉር ነው።

እናቴ ከኔ በኋላ ሁለት ወንዶች ወልዳ ሁለቱም ዳዴ ሳይሉ ሞተውባታል። ሦስተኛው ሲወለድ አዋላጇ አሮጊት «ይኸን በስምሽ አታሳድጊውም። ሽጪው» አለቻት። በዚያን ጊዜ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነበር። ልጅ የማይበረክትላት ሴት አራስ ቤት ሳለች ልጁን ለሌላ ሴት ትሸጣለች፤ ሞት የሷን ልጅ ሊወስድ ሲመጣ ያጣዋል። ገዢዋ መሃን ብትሆን ይመረጣል፤ ከመሃን ቤት ልጅ ፈልጎ የሚመጣ የለምና። አባቴ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ያወግዛሉ። ሽያጩ በሚደረግበት ጠዋት ግን ማሕሌት አለብኝ ብለው ወጡ። ማሕሌት እንዳልነበረ እናቴ ኋላ ነግራኛለች።

እናቴ ሕፃኑን በመስኮት አሳለፈችው። ዳሳሽ ከደጅ ቆማ ስባሪ አሞሌ ጨው ሰጠቻትና ተቀበለችው። «ምን ገዛሽ?» አለቻት አዋላጇ። «ቡችላ ገዛሁ» አለች ዳሳሽ። ቡችላ የሚባለው ክፉ ነገር ዓይኑን እንዳይጥልበት ነው። ከዚያ ዞራ በበሩ ገባችና «እኔ ቤት የለኝም፤ አንቺ አሳድጊልኝ» ብላ ለእናቴ መልሳ አስታቀፈቻት። ስሙንም ቢያድግልኝ ብላ ያወጣችው እሷ ናት። እስከ ዛሬ የሚጠራበት ያ ስም ነው።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ልጄ ብላው አታውቅም። ጎረቤት «ልጅሽ እኮ አደገ» ሲላት «የዳሳሽ ነው፤ እኔ ሞግዚት ነኝ» ትላለች። አፉን ሲፈታ እሷን «ዘርፌ» ብሎ በስሟ፣ ዳሳሽን ግን «እማ» ብሎ እንዲጠራ ያስተማረችው ራሷ እናቴ ናት። ለእናቴ ይህ ሁሉ ለይስሙላ ነበር። ለዳሳሽ ምን እንደነበር የጠየቃት የለም። ልጁ ደግሞ ይስሙላ የሚባል ነገር አያውቅም።

ቤታችን ጠዋት ጠዋት ገበያ ይመስል ነበር። እኔ ከቦኖ ውኃ ቀድቼ ስመለስ እናቴ እሳት አንድዳ፣ ሕፃኗን አዝላ ገብስ ታምሳለች። የቆሎ ተማሪዎች አጥሩ ሥር ቆመው በእንተ ስማ ለማርያም ይላሉ። የተሰጣውን ብቅል ዶሮ ይበትነዋል። ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ እኔ ደብተሬ ይጠፋብኛል፤ አባቴ ነጠላዬን ማን አነሣው ይላሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ወንድሜ በእጀ ጠባቡ ብቻ፣ ባዶ ቂጡን፣ ግቢውን አቋርጦ ወደ ኋላ ቤት ይሮጣል። ዳሳሽ ፊቱን ለብ ባለ ውኃ ታጥበዋለች፣ በሶ ትበጠብጥለታለች፣ የጠጉሩ ክምር ላይ ታስቀምጠዋለች።

«ቡችላዬ፣ ዛሬ ስንት በግ ሸለትህ?»

«ሁሉንም!»

«ለኔ ሳታስቀር?»

«ያንቺንም!»

ሁለቱ ይስቃሉ። እናቴ ጓዳ ሆና ትሰማለች። ገብሱ የሚያርረው ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነበር።

ያን ቀን አክስቴ አትጠገብ ረፋዱ ላይ ከነጭነቷ ደረሰች። የእናቴ ታላቅ ናት፤ ድምፅዋ ከሷ ቀድሞ የሚገባ ሴት። «ዘርፌ! ሞተሻል ወይ? ውጪ እንጂ፣ ተሸካሚው እየጮኸብኝ ነው!» እናቴ ዱቄት ስትነፋ ነበር፤ እንደዚያው ሆና ወጣች። ተሸካሚው ጆንያዎቹን ግቢው መካከል ጥሏቸው ሄደ። አክስቴ ላቧን እየጠረገች ወንድሜን አየችው።

«ና እስቲ አንተ ጎረምሳ። እናትህ የታለች?»

በጣቱ ወደ ኋላ ቤት አሳያት።

«ኧረ ወዲያ! ይችስ እዚህ የተገተረችው?»

«እሷማ ዘርፌ ናት።»

አክስቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልረዘመም። «ዘርፌ፣ በገዛ ቤትሽ ሞግዚት ሆነሽ ቀረሽ እኮ» አለች። «አሁንማ አድጓል። ምን ትጠብቂያለሽ? ሚስት ሲያገባ በሷ ስም ሊጠራ ነው?»

«ተይኝ እትዬ፤ ሥራ አለብኝ» አለች እናቴ። ወደ ጓዳ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ወንፊቱን የምትመታው እንደ ሌላ ጊዜ አልነበረም።

ዝናቡ ማንጠባጠብ ሲጀምር ልብስ አውርጂ ተባልኩ። ወንድሜ ጆንያዎቹ ላይ ወጥቶ ሲዘል እግሩ ከዳውና በአፉ ተደፋ። ሲነሣ አገጩ ደም ሆኗል። እናቴ ጩኸቱን ሰምታ ከጓዳ ወጣች፤ በሩ ላይ ተንበርክካ ሁለት እጇን ዘረጋችለት። እሱ በአጠገቧ እየሮጠ አለፈ። «እማ! እማ!» እያለ ሄዶ ዳሳሽ ቀሚስ ውስጥ ገባ።

ዳሳሽ ጣቷን አፉ ውስጥ ከታ ዳሰሰችው። «ጥርሱ ደኅና ነው። ከንፈሩ ነው የተሰነጠቀ። ዝም በል ቡችላዬ፣ ዝም።»

እናቴ ከተንበረከከችበት ተነሣች። «ልጄን ስጪኝ» አለች።

ዳሳሽ ወደ አጥሩ፣ ወደ መንገዱ ተመለከተች፤ ሰው የሰማ እንደሆነ እንደምታይ ሁሉ።

«ምነው ዘርፌ፤ አፍሽን ያዢ እንጂ። ደጅ ነው ያለነው።»

«ልጄን ነው ያልኩሽ። ልጄ ነው፤ እኔ ነኝ ያማጥኩት። አንቺ ምን ታውቂያለሽ ማማጥ?»

አባቴ የገቡት ይኼን ጊዜ ነው። እናቴ ዞር አለችና «መሪጌታ፣ ይንገሯት!» አለቻቸው። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዳሳሽ፣ ይህ ድሮውንም ከንቱ ነገር ነው። ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ አይሸጥም፣ አይገዛም። መጽሐፍም አይፈቅደው።»

«እውነትዎን ነው መሪጌታ» አለች ዳሳሽ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ያን ለት ቢነግሩኝ ሸጋ ነበር።»

አባቴ የጥላቸውን ጫፍ ጭቃው ውስጥ ተከሉት።

አክስቴ ጓዳ ገብታ ጨው በጭብጧ ይዛ ወጣች። «ጨው አይደል የሰጠሽው? ያውልሽ!» ብላ ዳሳሽ እግር ሥር በተነችው።

ዳሳሽ አልተቆጣችም። ደነገጠች። እንደዚያ ደንግጣ አይቻት አላውቅም። ልጁን አንሥታ ጨው ከተበተነበት ራቀች። «እንዲህ አይደለም! እንዲህ አይመለስም! ዘርፌ፣ ምን እያደረጋችሁት ነው? ደጅ ላይ ልጄ አልሽው፤ ስሙን ጠርተሽ ለሞት ያሳየሽው ያህል ነው። እኔ ደግሞ አልሸጥኩልሽም። አሁን እኮ ያንቺም የኔም አይደለም። ባዶውን ቆሟል።»

የእናቴን ፊት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የንዴቱ ደም ወርዶ ነበር። የሁለቱን ሕፃናት መግነዝ በገዛ እጇ የቀደደች ሴት ናት። አባቴ ከንቱ ነው ሲሉ አዎን ብላ አንገቷን የነቀነቀችው ሴት አሁን ዳሳሽን «ታዲያ ምን ይደረግ?» አለቻት፤ ሐኪም እንደምትጠይቅ።

ዳሳሽ የልጁን ከንፈር በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። እንቢ ብትል የሚያስገድዳት አልነበረም፤ ይህን ሁላችንም አውቀናል። እናቴ ዳግመኛ ደፍራ አትነካውም ነበር።

«ስባሪ ጨው አምጪ» አለች በመጨረሻ። «የተፈጨ አይሆንም። ውስጥ ግቢና መስኮቱን ክፈቺ። እኔ ከደጅ እሆናለሁ። በመስኮት የወጣ በመስኮት ነው የሚመለስ።»

እናቴ ገባች። ያች መስኮት ሕፃን የምታሳልፍ ነበረች፤ ለአራት ዓመት ልጅ ጠበበች። ዳሳሽ በሁለት እጇ ከፍ ስታደርገው ትከሻው ተያዘ። ወንድሜ ጨዋታ መሰለው። በደማው አፉ እየሳቀ «እማ፣ ግፊኝ!» አላት።

ጠያቂ ያስፈልጋል። አክስቴ እኔ የለሁበትም ብላ ፊቷን አዞረች፤ አባቴ ወደ አጥሩ ዞሩ። ዳሳሽ እኔን ጠራችኝ። «ምን ሸጥሽ በይኝ» አለችኝ።

«ምን ሸጥሽ?» አልኳት።

የልጁን ትከሻ አዙራ፣ ክንዱን አስተካክላ፣ ገፋችው። እናቴ ከውስጥ ተቀበለችው።

«ቡችላ ሸጥኩ» አለች።

እናቴ ጨዉን በመስኮቱ ዘረጋችላት። ዳሳሽ ተቀበለች፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከዚያ ወደ ኋላ ቤት ገባች። ስትወጣ አጎዛዋን ጠቅልላ፣ ደጋኗን በትከሻዋ አንግታ፣ ያልተፈተለውን ጠጉር በአንድ ስልቻ ይዛ ነበር። እናቴ ልጁን በደረቷ እንደያዘች በበሩ ወጣች።

«ዳሳሽ፣ ቤቱን ልቀቂ አላልኩሽም።»

«አላልሽኝም።»

«ታዲያ ምነው? በዚህ ዝናብ ወዴት ትሄጃለሽ?»

«እዚህ ካለሁ እማ ይለኛል። አንድ ጊዜ ካለኝ የዛሬው ሁሉ ፈረሰ። በስምሽ ይጥራሽ እንዳትይኝ፤ ልጅ ነው፣ ረስቶ ያመልጠዋል።»

ወንድሜ መታቀፉ ሰልችቶት ተወራጨና ወረደ። አክስቴ ከቅርጫቷ ጥንቅሽ አውጥታ ልጣ ሰጠችው። ጆንያው ላይ ተቀምጦ ማኘክ ጀመረ። ጭማቂው የተሰነጠቀ ከንፈሩን ሲነካው ፊቱን ያጨማድዳል፤ መልሶ ያኝካል።

አባቴ ከአጥሩ በር ዘወር ብለው መንገድ ለቀቁላት። ዳሳሽ በወንድሜ አጠገብ አለፈች። እሱ ከጥንቅሹ ቀና አላለም። በሩን ከፈተች፣ ወጣች፣ ከውጭ ዘጋችው።