መብራት ሲጠፋ የማትቆመው ኪቦርዴ

ዛሬ ቸርች መዝሙር መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ሁሉም ሲያጉረመርም እኔ ፈገግ አልኩ።

የዲላን መብራት አውቃለሁና ተዘጋጅቻለሁ! ከመታወቂያ የማትበልጥ ኮምፒውተር ላይ የኦርጋን ድምፅ በስሌት የሚፈጥር ነፃ ሶፍትዌር ጭኜ፣ ከአሮጌ የሙዚቃ ኪቦርድ ጋር አገናኝቻታለሁ። የምትሠራው በፓወር ባንክ ነው። "መብራት ቢጠፋም አትቆምም" እያልኩ ኳየሩን ሳምንቱን ሙሉ አሰልችቻለሁ።

እውነትም አልቆመችም። መብራቷ ብልጭ ብልጭ እያለ ነው።

ተጫወትኩ። ዝም!

ለካ ስፒከሩ የሚሠራው በመብራት ነው። (በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው የተመረቅኩት፤ ለማንም እንዳትናገሩ።)

ኳየሩ በጭብጨባ ቀጠለ። እኔም ከድንጋጤ የተነሳ ቁልፎቹን መንካት አላቆምኩም።

የኳየር መሪያችን እህት ታደለች ጠጋ ብላ፦ "አይዞህ ወንድሜ፣ ቀጥል። ጌታ ይሰማሃል።"

እስቲ እናንተም፣ ጉራ ነዝታችሁበት ጉድ የሠራችሁ ዕቃ ካለ ንገሩኝና ልጽናና።