አረንጓዴ ቀሚስ ለብሼ የተነሳኋቸው ፎቶዎች

ቦንጋ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው የምትመች ከተማ አይደለችም። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ከላይ፣ የተከራየሁት ክፍል ከታች ነበር፤ ባጃጅ ገና አልገባም፤ ዳገቱን መሀል ላይ ቆሜ ሳልተነፍስ ጨርሼው አላውቅም። ጸሐፊ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስተይብ እውላለሁ። ረፋድ ላይ ፓስቲና ስኳሩ ከሥር የዘቀጠ ሻይ ይመጣልናል። ቅዳሜ ዋጫ ከተማ እናቴ ዘንድ ስሄድ ደግሞ ቆጮ በቅቤ ይቀርባል፤ ከዚያ ማር። ውፍረቴን እንደ ነውር የቆጠረው ሰው አልነበረም። የእናቴ ጎረቤቶች ጉንጬን እያዩ ሥራው እንደተስማማኝ ይናገሩ ነበር፤ እናቴም በዚህ ትኮራለች።

ሆስፒታል የሄድኩት ለጉልበቴ ብዬ ነው። ሐኪሙ ግን የደም ግፊቴን ለካ፣ ትንሽ አሳርፎኝ ደግሞ ለካ፣ ከዚያ ዕድሜዬን ጠየቀኝ። ሠላሳ አልሞላኝም ነበር። ክብደት ካልቀነስሽ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ መድኃኒት እጀምርልሻለሁ አለኝ።

እኔ ባለሁበት ግቢ ከሰሜን ተመድባ የመጣች ነርስ ተከራይታ ትኖር ነበር። ሐኪሙ ያለኝን ስነግራት ፎቶ እንድነሳ የመከረችኝ እሷ ናት። መስታወት በየቀኑ ስለምታዪው ለውጡን ይደብቅብሻል፣ ሚዛን ደግሞ አንድ ቀን ከፍ አንድ ቀን ዝቅ እያለ ተስፋ ያስቆርጥሻል፣ በየወሩ በአንድ ልብስ ተነስተሽ ጎን ለጎን ብታስቀምጪያቸው ግን ዓይንሽ ራሱ ይፈርዳል አለችኝ። ነገሩ ልክ መሰለኝ።

ዋናው መንገድ ላይ አንድ ፎቶ ቤት ነበር። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው ዘንድ የሚመጣው ሰው ወይ ለመታወቂያ ነው፣ ወይ ለምርቃት፣ ወይ ለሠርግ። በአረንጓዴ ቀሚሴ ሄጄ የመጣሁበትን ምክንያት ስነግራቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ፊት አቆሙኝና እግሬ ያረፈበትን ቦታ በቾክ ምልክት አደረጉበት።

«በየወሩ እዚችው ላይ ትቆሚያለሽ» አሉ። «እኔም ካሜራዬን ከቦታዋ አላነቃንቅም።»

የከለር ፊልም የሚታጠበው ጅማ ነበር፤ ጥቅሉ እስኪያልቅም ይጠበቃል። ስለዚህ ፎቶው እጄ የሚገባው ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው። የማየው ሁልጊዜ ያለፈውን ወር ሰውነቴን ነበር። የመጀመሪያው ሲደርሰኝ ለረጅም ጊዜ አየሁት። አላዘንኩም፣ አላፈርኩም፤ የማላውቃትን ሴት የማይ ነው የመሰለኝ። ቀሚሱ የኔ ነው፣ ጫማው የኔ ነው።

ስኳር ተውኩ። ፓስቲው ሲመጣ ከክፍሉ እወጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ዳገቱን ቀስ ብዬ በእግሬ እወጣዋለሁ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቶ ከመጀመሪያው የሚለዩት በፀጉር አሠራሬ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ልተወው ምንም አልቀረኝም። ነርሷ ሌላ አንድ ወር ታገሽ አለችኝ። በአራተኛው ፎቶ ላይ የቀሚሴ አንገትጌ ሰፍቶ ይታያል፤ አንገት እንዳለኝ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ፎቶዎቹን ከቁም ሳጥኔ በር ውስጠኛ ክፍል ላይ በተርታ ለጠፍኳቸው። ሆዴ ሲጮህ በሩን ከፍቼ አያቸዋለሁ። ሁልጊዜ ይሠራ ነበር ለማለት አልችልም፤ አንድ እሑድ ከነሱ ፊት ተቀምጬ እናቴ የላከችልኝን ቆጮ እስከ መጨረሻው በልቻለሁ።

ዓመቱ ሊጋመስ ሲል መክሳቴን ሰው ሁሉ ያየው ጀመር። በዚያ ዘመን መክሳት የሚተረጎመው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ስለ በሽታው የሚያስጠነቅቅ ወረቀት ተለጥፏል፤ ሰው የበሽታውን ስም በአፉ ባይጠራውም ሁሌም ያስበዋል። አብራኝ የምትሠራው ሴት ብርጭቆዬን ከሷ ብርጭቆ ማራቅ ጀመረች። አከራዬ ደግሞ ደግ ሴት ነበሩ፤ ማታ ማታ የሥጋ መረቅ ይልኩልኛል። መረቁ የሚመጣበት ሳህን ግን ሁልጊዜ ያው ሳህን እንደሆነ፣ ከሌላው ዕቃ ጋርም እንደማይታጠብ ውዬ አድሬ አስተዋልኩ።

ወሬው ዋጫ ደረሰ። እናቴ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቅቤና ማር ይዛ ከአይሱዙ ላይ ወረደች። ከሰላምታ በኋላ ምንም ሳትጠይቀኝ የእጄን አንጓ በሁለት ጣቷ ይዛ ለካች፤ ጣቶቿ ገጠሙ። ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም ነገሩን በአንድ ጊዜ የምጨርሰው መስሎኝ የቁም ሳጥኑን በር ከፈትኩላት።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። ሐኪም አዞኝ፣ ሆነ ብዬ ነው የከሳሁት። በየወሩ እየተነሳሁ ነበር።»

ከመጨረሻው ፎቶ ጀምራ ወደ መጀመሪያው አንድ በአንድ አየቻቸው። መጀመሪያው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ጤነኛ ሰው ሲከሳ ፎቶ ይነሳል?» አለች በዝግታ። «ለማስታወሻ ብሎ የሚነሳ በሽተኛ ነው። ንገሪኝ፣ እኔ እናትሽ ነኝ።»

ያሰብኩት ሁሉ ተገለበጠ። እኔን ያበረቱኝ ፎቶዎች ለሷ የመሞቻዬ ዝግጅት ነበሩ። ተከራከርኩ፤ ሐኪሙ ያለኝን ደጋግሜ ነገርኳት። እሷ ግን ሐኪሙ ራሱ በአፉ ካልነገረኝ አላምንም አለች። በማግስቱ አብረን ሆስፒታል ሄድን። የደም ምርመራውንም ያን ዕለት አደረግሁ። ውጤቱ እስኪመጣ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እኔ አልፈራሁም ነበር፤ ሆኖም እሷን ሳያት ፍርሃቱ እኔም ላይ ተጋባብኝ።

ሐኪሙ ጠራንና ደሜ ነፃ መሆኑን ነገራት። ግፊቴም ወርዷል፣ መድኃኒት አያስፈልጋትም፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት አላት። እናቴ ረጅም ጊዜ አመሰገነችው። ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱን ከሷ ቀድሜ ወጣሁ፤ ቆሜም ጠበቅኋት። ይህን ያየች አልመሰለኝም።

ወደ ዋጫ ስትመለስ የመጀመሪያውን ፎቶ ከበሩ ላይ ላጠችው። ልጄ ይቺ ናት ብላ በመሀረብ ጠቀለለችው፤ በኋላም ከሳሎኗ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። እኔ ዘንድ የቀረው ተርታ ከሁለተኛው ይጀምራል። ፎቶ አንሺውን ሌላ እንዲያሳጥቡልኝ ስጠይቃቸው ነጋቲቩ ጅማ እንደቀረ ነገሩኝ። ጥቂት ወራት ተጨማሪ ተነሳሁና ተውኩት። ክብደቴ ከዚያ በኋላ አልቀነሰም፤ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ከፊሉ ተመለሰ። ጉልበቴ ግን ዳነ።

የምርመራዬን ውጤት ለሰው አላወራሁም፤ እናቴ አውርታው እንደሁም አልጠየቅኋትም። መሥሪያ ቤት ያለችው ሴት ብርጭቆዬን ወደ ቦታው ለመመለስ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። አከራዬ ግን በሚቀጥለው ዓመት ስኳር በሽታ ተገኘባቸው፤ አንድ ቀን ደጄ ድረስ መጥተው እንዴት አድርጌ እንደቀነስኩ ጠየቁኝ። ስለ ሳህኑ እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አላነሳሁ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ወደ ሚዛን ከተማ በሚወስደው መንገድ አብረን እንሄድ ጀመር። ፎቶ ቢነሱ ጥሩ ነው ስላቸው ሳቁ።

«እኔ መቀነቴ ይነግረኛል» አሉ።

እኔ ወደ ቢታ ገነት እስክዛወር ድረስ አብረን ሄድን።