የባለዙፋኗ አሥራ አራት ፎቅ

«ባለዙፋኗ» ያሏት በምትቀመጥበት ዱካ ነው። የምንሠራው የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ምድር ቤት ውስጥ ነው። እኔ መኪና ላይ ተቀምጬ እሰፋለሁ፤ እሷ አጠገቤ በካውያ ትተኩሳለች። ካውያ ደግሞ የቁም ሥራ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ጣቃ ጨርቅ እንደተሸከመች ከደረጃ ላይ ተንሸራተተች፤ ከዚያ ወዲህ ወገቧ አንድም ቀን ዝም ብሎላት አያውቅም። ራጅ ተነሳች፣ ንጹሕ ነው አሏት። ሌላ ቦታ ሄደች፣ እዚያም ንጹሕ። «ሕመሙ ተከራዬ ነው» ትላለች እየሳቀች። «ኪራይ አይከፍል፣ ቤት አይለቅ!»

አሳሳቋን አይታችሁ እንዳትሸወዱ። የምትተኛው መሬት ላይ ነው። ጠዋት ካልሲዋን የምታጠልቅላት ልጇ ናት። አውቶቡስ ውስጥ ቦታ ቢለቁላት እንኳ አትቀመጥም፤ መነሳቱ ከመቆሙ ይብሳታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንታ፣ የሐኪም ወረቀት አምጥታ፣ በስንት ልመና አለቃችን ያንን እግረ ረጅም ዱካ ፈቀደላት። ግማሽ ተቀምጣ፣ ግማሽ ቆማ፣ የቀሚሱን ሽንሽን አንድ በአንድ ስትተኩስ ብታዩ ካውያው እጇ ላይ የበቀለ ይመስላችኋል። ያለ ዱካው ግን እስከ ምሳ ሰዓት እንኳ አትቆይም። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው።

ነገሩ የመጣው በስብሰባ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሆስፒታል አልጋ ስላነሰው ሁለት ሁለት ሕፃን ባንድ አልጋ ይተኛል ተባለ። የሕንፃችን ተከራዮች «ከምድር ቤት አንድ ሰው ደረጃውን በእግሩ ይውጣ፤ የረገጠው ፎቅ ሁሉ አንድ አንድ አልጋ ይሰጣል» ብለው ቃል ገቡ። አሥራ አራት ፎቅ፣ አሥራ አራት አልጋ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ መንገድ ላይ መቀመጥ የለም።

«ባለዙፋኗን ብቻ እንዳትልኩ!» አለች ቁልፍ የምትተክለው ሴትዮ። «ዙፋኗን ማን ይሸከምላታል?»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። እኔ ደሜ ፈላ። ዘልዬ ተነሳሁና «እሷ ከሁላችሁም በልጣ ትወጣዋለች!» አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እውነት ነው። እኛ ቤት በስብሰባ የተባለ ነገር ይጨበጨብለታል፣ የተጨበጨበለት ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፣ የሰፈረ አይፋቅም። ሳልቀመጥ ጭብጨባው ቀለጠ። አለቃችን ጻፈና ወደ እሷ ቀና አለ።

«ተመስገን ነው! ይህን ከወጣሽማ ድነሻል ማለት ነው። ዱካውን ለጥበቃው እንሰጠዋለን፤ ምስኪን ቆሞ ነው የሚውለው።»

እየሳቀ ነው ያለው። ግን አልቀለደም።

በነጋታው ቢሮው ገባሁ። «እኔ ልውጣላት፣ አለቃ።»

«በጭብጨባ የጸደቀ እንዲሁ አይሻርም። ካመማት አዲስ የሐኪም ወረቀት ታምጣ። የድሮው አምስት ዓመት አልፎታል።»

ስነግራት ካውያውን እንኳ አላስቀመጠችም። «አዲስ ሐኪም ራጅ ያነሳኛል። ራጁ ንጹሕ ነው ይላል። ዱካው ሄደ። ብወጣ ድናለች ይላሉ። ዱካው ሄደ።» ቀሚሱን ገለበጠች። «በዚህም በዚያም ሄዷል፣ እህቴ። አልጋዎቹ እንኳ ይትረፉ።»

«የቆጡን አወርድ ብዬ የብብትሽን ጣልኩ» አልኳት። ማልቀስ አማረኝ።

«ተይ እንግዲህ፣ ሽንሽኑ ላይ እንባ ካረፈ ድጋሚ ልተኩስ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። ሌሎቹ ፎቶ ለማንሳት በአሳንሰር እየቀደሙ በየፎቁ ይጠብቃሉ፤ እኔ ውሃ ይዤ ከኋላዋ ነኝ። በቀኟ ትረግጣለች፣ ግራዋን ትጎትታለች፣ ብረቱን ትይዛለች። የጥርስ ሐኪሙ በር ይከፈታል፣ ጭብጨባ፤ የጠበቃው በር ይከፈታል፣ ጭብጨባ። ፈገግ ትልላቸዋለች። ደረጃው ሲታጠፍ፣ ማንም በማያይበት ቦታ፣ ግንባሯን ግድግዳው ላይ ትለጥፍና ጥርሷን ነክሳ ትቆማለች። ያንን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። መናገርም አልችልም፣ ብናገርስ ማን ያምነኛል? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሉ የለ፤ እንጨቱን የሰደድኩት እኔው ራሴ!

ዘጠነኛው ላይ ፊቷ አመድ መሰለ። «ዘጠኝ አልጋ ይበቃል። በሞቴ፣ እንመለስ» አልኳት።

«የአሥረኛው ልጅ ከማን ጋር ይተኛ?» ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ደግሞ ብመለስስ ዱካው ይመለሳል?»

አሥራ አራተኛው ላይ ፎቶ አነሷት። እጆቿን ዘርግታ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ፤ ሙሽራ ትመስላለች።

አራት ቀን ከመሬት አልተነሳችም። «እኛም ብንወጣ ይደክመን ነበር» አሉ እነዚያ በአሳንሰር የወጡት፣ ሲያስተዛዝኑ ነው እንግዲህ። ሐሙስ ስትመጣ ዱካው በሩ ላይ ነበር። ጥበቃው ሲያያት አፍሮ ብድግ አለ። «ይቀመጡ፣ አባቴ» አለችው፤ ሌላ ምን ትበል?

ወንበሬን ገፋሁላት። ዝቅ ያለ ነው፤ ብትቀመጥበት የካውያው ጠረጴዛ አገጯ ላይ ይደርሳል። እኔም ቆሜ ፔዳል መርገጥ አልችልም። ሞከርነው። የድሮ ወረቀቷን ይዛ አለቃ ጋ ሄደች። ወረቀቱን አልተቀበላትም፤ ከቢሮው በር ላይ ሆኖ በጣቱ ግድግዳውን አሳያት። ፎቶዋ ትልቅ ሆኖ ታጥቦ፣ ከካውያው ጠረጴዛ በላይ ተሰቅሏል።

በወሩ መጨረሻ ስብሰባ ተጠራ። የሆስፒታሉ የምስጋና ደብዳቤ ተነበበ፤ አሥራ አራት ልጅ ለየብቻው ተኝቷል። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ አለቃችን ብዕሩን ከፈተ።

«ለከርሞ ደግሞ ብርድ ልብስ ነው። ያው ባለዙፋኗ ትውጣልን አይደል?»

ጭብጨባው ቀለጠ። ጥበቃው ሳይቀር ከበሩ ላይ አጨበጨበ። እኔ ሁለት እጄን ጭኔ ስር ቀብሬ ተቀመጥኩ። እሷ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ደግፋ፣ አንዴ በዚህ እግሯ አንዴ በዚያ እየቆመች፣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«አጨብጭቢ» አለችኝ። «አለቃ እያየሽ ነው። አንቺም ወንበር አለሽ።»

አጨበጨብኩ።