የከሚሴዋ ጽጌረዳ

ወደ ከሚሴ ስዳር ከእናቴ ግቢ የቆረጥኳትን አንዲት የጽጌረዳ ዘንግ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ከደሴ ይዤ ወረድኩ። አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ገልጠው አዩና፣ «ይቺ የደጋ ነገር የኛን ሙቀት የምትችል አይመስለኝም» አሉ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። «ለማንኛውም ትከያት። እስከ ዐረፋ ካላበበች ቦታውን ቃሪያ አደርገዋለሁ።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔን ያስተከለኝም እልህ ነው። ከበሩ አጠገብ፣ አላፊ አግዳሚው በሚያይበት ቦታ ተከልኳት። አቆጠቆጠች። ጎረቤታችን ጠዋት ስትመጣ ከእኔ በፊት ለእሷ፣ «ነጋ ቡልቴ?» ትላት ጀመር። በኦሮምኛ ደህና አደርሽ መሆኑ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ግን ቅጠሏ ቢጫ ሆነና ይረግፍ ጀመር። ሙቀቱ ነው ብዬ ጥላ ሠራሁላት። ባሰባት። አማቴ ቃሪያ ችግኝ መጠየቅ መጀመራቸውን ስሰማ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የምትነቀለው ጽጌረዳዋ ብቻ አልመሰለችኝም።

አንድ ቀን የአስር ሰላት ሲደርስ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። አማቴ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው መጡና ጽጌረዳዋ ሥር ቁጢጥ ብለው ለሰላቱ ፊት እጃቸውን እየታጠቡ ውዱእ አደረጉ። እሳቸው ሲነሱ የአማቴ ባል፣ አባታችን፣ ተተኩ። ከዚያ ጎረቤታችን ከቤቷ ድረስ ውሃ ይዛ መጣች። ለካ ሁሉም፣ ውሃው በከንቱ ከሚፈስ ተክል ቢጠጣው አላህ ዘንድ አጅር አለው እያሉ በየሰላቱ እሷ ላይ ሲያፈሱ ኖረዋል! ሲያጌጡ ይመላለጡ። ትሞታለች ያሉኝ ሴትዮ ራሳቸው እንዳትሞትብኝ ሲያጠጧት መክረማቸው ግን አንጀቴን በላው።

የእኛ የጨፋ ሜዳ ዋልካ አፈር ውሃ ከያዘ አይለቅም። ቆፍሬ ሳወጣት ሥሯ ጠቁሮ ይሸታል። የበሰበሰውን ቆረጥኩ፣ ድንጋይ ደርድሬ መደብ አነሳሁላት፣ የቦርከና ወንዝን አሸዋና የፍየል ፍግ ቀላቀልኩበት። ከውዱእ ቦታው ደግሞ ቦይ ቀድጄ ውሃውን ግቢው ጥግ ወዳለው ፓፓያ መለስኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉኝ አማቴ።

የውዱእ ውሃችሁ ገደላት ይባላል? «እሷ ጠግባለች፤ አሁን ተራው የፓፓያው ነው። አጅሩ እንደሆነ አይቀርብዎትም» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «ፓፓያውማ ይበላል።»

ዘንጎቿን አሳጥሬ ስከረክማት ግን አልሳቁም። «በቃ፣ አረድሻት!» ብለው ገቡ። እኔም ሰው የቃሪያ ችግኝ እንዳያመጣላቸው ብቻ ዱዓ አደረግሁ።

ከተቆረጠው ሥር ቀይ ቡቃያ ወጣ፤ ከዚያ ቅጠል፣ ከዚያ እንቡጥ። ዐረፋ ሲደርስ በሩ ላይ ደም የመሰለ አበባ ተንዠርግጎ፣ ከሰላት የሚመለስ ሁሉ እየቆመ «ማሻ አላህ» ይል ነበር። እኔ ሥራ እንዳለው ሰው በር ላይ እየተመላለስኩ ምርቃቱን ለቀምኩ። ደስታዬን አልደበቅኩም፤ ለምን ብዬ?

እናቴ ልትጠይቀኝ ከደሴ የወረደችው በዚያው በዓል ነው። ጽጌረዳዋን አይታ፣ የእሷዋ በዚህ ዓመት እንደደረቀችና ከዚህችኛዋ አንድ ዘንግ ብትወስድ ደስ እንደሚላት ተናገረች። አማቴ መቁረጫውን አምጡ ብለው ራሳቸው ቆረጡላት። ሲሰጧት ግን ፊታቸውን ከበድ አደረጉ።

«ይውሰዱ፣ ግን እንጃ» አሏት። «የኛዋ የደሴን ብርድ የምትችል አይመስለኝም።»

ይህን ሲሉ አንድ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነበር።