እናቴን የተጋራችኝ ልጅ

ባለፈው ሰሞን ከሐይቅ ከተማ ማር ተላከልኝ። የአምባሰል ማር ነው። በፕላስቲክ ዕቃ ተሞልቶ፣ ክዳኑ በፌስታል ታስሮ፣ ፌስታሉ በሌላ ፌስታል ታስሮ፣ አዳማ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ከደሴ ከመጣው አውቶቡስ ረዳት እጅ ተቀበልኩት። ይህን ሁሉ ቋጠሮ የምትቋጥር በምድር ላይ ለይላ ብቻ ናት። ቤት ገብቼ እጄ ሲያቅተው በጥርሴ ጭምር ፈትቼ ክዳኑን ብከፍተው ሽታው ክፍሉን ሞላው፣ እኔም ማንኪያ እስካመጣ አላስቻለኝምና አውራ ጣቴን ነክሬ አፌ ውስጥ ከተትኩት። ጣፈጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ የድሮው ቅናቴ ተነሳብኝ።

ለማመስገን እናቴ ጋ ደወልኩ። ስሜ ስልኳ ላይ ተጽፎ እየታያት «ወዬ ለይላ» አለችኝ። «ማሂ ነኝ» አልኳት። ሳቀች፣ እርጅና መጣ አለች፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን ከጥርሴ ወዲያ አልገባም።

ወደ ሐይቅ የሄድነው ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ነበር፣ ሰዉ በየካፌው ቴሌቪዥን ፊት እንደ ኳስ ጨዋታ ተደርድሮ ዜና በሚያይበት፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ታክሲ ውስጥ ስለ አገር እያወሩ በሚሳሳቁበት ጊዜ። እናቴ ደብረ ብርሃን ነርስ ነበረች። አባቴ ካረፈ በኋላ የከተማው መንገድ ሁሉ እሱን የሚያስታውሳት ሆኖ አላስኬድ ሲላት ዝውውር ጠየቀች፣ የደረሳትም ሐይቅ ሆነ። አክስቴ አልማዝ ማን አለሽ ብለሽ ነው፣ ሁለት ልጅ አንጠልጥለሽ የማታውቂው አገር ብላ አለቀሰች። እናቴ ግን አንዴ ከቆረጠች ቆረጠች ነው። አልጋውንና ፍራሹን አይሱዙ ላይ ጭነን፣ ታናሽ ወንድሜን ናቲን ጭኗ ላይ አድርጋ ሄድን። አረንጓዴ የትምህርት ቤት ሹራቤን ሐይቅ ሞቃት ነው፣ ምን ያደርግልሻል ተብዬ አክስቴ ቤት ተውኩት። ያን ሹራብ ልብ በሉልኝ።

የተከራየነው እማማ ሐዋ ግቢ ነበር፣ ሁለት ክፍል፣ ደጃፉ ላይ የዘይቱን ዛፍ ያለው። ከጓሮው ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ሲወጡ ሐይቁ ይታያል፣ እስጢፋኖስ ገዳሙም በዛፍ ተሸፍኖ ወደ ውሃው ገባ ብሎ ይታያል፤ ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ናቲ አፍንጫውን እንኳ በቅጡ መጥረግ ሳይችል ወንድ በመሆኑ ብቻ ከጎረቤት ጋር ገብቶ ሲመለስ እኔ ሳምንት ሙሉ አኩርፌው ነበር። ምን ልበላችሁ፣ ቅናት ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ይመስለኛል።

እማማ ሐዋ የልጅ ልጃቸውን ለይላን ያሳድጋሉ። ለይላ እኩያዬ ናት። እናቷ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፣ በየጊዜውም ሰው በመጣ ቁጥር ዕቃ ትልክላታለች፦ ጎማ ያለው የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ሲረግጡት መብራት የሚያበራ ጫማ፣ አበባ የተጠለፈበት ቀሚስ። በዚያ በኮረኮንች መንገድ ቦርሳዋን እያንኳኳች ስትጎትት እኔ ከኋላዋ «የሰው ወርቅ አያደምቅም» እያልኩ አጉተመትማለሁ፤ ወርቁን የላከችላት የራሷ እናት እንደሆነች ጠፍቶኝ አይደለም።

ለይላ ግን ጫማዋም ቦርሳዋም ግድ አይሰጧትም። ዓይኗ የነበረው እናቴ ላይ ነው። እናቴን አገሩ ሁሉ ሲስተር ይላታል፤ ከፈረቃዋ ስትመለስ አልኮልና ዴቶል እየሸተተች፣ አንዱ ሎሚ አንዱ ዓሣ ሸጉጦላት፣ እግሯን እየጎተተች ትገባለች። አንድ ቀን ለይላ ከደጃፉ ተነስታ ሳፋ ውሃ ይዛ መጣችና ተንበርክካ የእናቴን እግር አጠበች። ትልቅ ሰው ከድካም ሲገባ እግሩን ማጠብ እዚያ ቤት የተለመደ ነው፤ እኛ የብርድ አገር ልጆች ግን በዚያ ውርጭ የሰው እግር ቀርቶ የራሳችንንም የምናጥበው ተለምነን ነው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና «እደጊ፣ እደጊ የኔ ልጅ» አለቻት። የኔ ልጅ! በማግስቱ እኔም ሳፋዬን ሞልቼ በር ላይ ጠበቅኩ፣ ለይላም ሳፋዋን ይዛ ብቅ አለች፣ ሁለታችንም ስንሽቀዳደም ተጋጭተን ውሃው ናቲ ላይ ተደፋ። እናቴ ሳቋ ሲበርድላት አንዱን እግሯን ለኔ አንዱን ለእሷ ሰጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀኙ የኔ፣ ግራው የለይላ ሆነ። እኔ ግን እያጠብኩ በጎን የማየው ግራውን ነበር፣ ከቀኙ ይልቅ ነጽቶ እንደሆነ።

የለይላ እናት አገሩ ከተለወጠማ እመጣለሁ ብላ ነበር። ኮንትራቱ ይለቅ አለች፣ ከዚያ ሌላ ኮንትራት መጣ። በዚያው መሃል ለይላን ታይፎይድ ጣላትና እናቴ ከሥራ መልስ ከአልጋዋ ሥር ሳትጠፋ ግሉኮስ እየሰቀለች አዳነቻት። እማማ ሐዋ ምን ልክፈላት ብለው ሲያስቡ ቆይተው አንድ ነገር አመጡ፦ ጡት እንጣባ። ጡት መጣባት ማለት የማይወለድ ሰው በማር የሚወለድበት ወግ ነው፤ ትልቁ ሰው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ልጁን ያጠባዋል፣ ከዚያ ወዲያ ልጁ ልጅ ነው፣ በክፉም በደግም አይካድም። ለይላ የእናቴን ጣት፣ እኔና ናቲ የእማማ ሐዋን ጣት ልንጠባ ተወሰነ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ጁምዓ ቀን ከስግደት መልስ የሰፈሩ ሼህ መጡ፣ ጎረቤታችን ቄሱም መጡ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ተመረቀ። ከአምባሰል የመጣ ማር በሳህን ቀረበ። የእማማ ሐዋ ጣት ማርና ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ ይል ነበር። ለይላ ግን የእናቴን ጣት አፏ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጨፍናም ቀረች። ማሩ ካለቀ በኋላም አልለቀቀችም። እኔ ሳላስበው «ኧረ ይብቃሽ!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ሼሁ እንኳ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለይላ እናቴን እማ አለቻት፤ ኡሚ ለጅዳዋ፣ እማ ለኔዋ። ሁለት እናት አላት፣ እኔ ደግሞ ግማሽ ቀረኝ ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ ወሬው፣ ቀጥሎ ከመርሳና ከውጫሌ በኩል ፍራሽ ተሸክመው የመጡ ተፈናቃዮች፣ እነሱም ትምህርት ቤታችንን ሞሉት። እናቴ ቀን ከሌት ሥራ ላይ ሆነች፣ እግር ማጠቡም ቀረ። በዚያ ጥቅምት አንድ ጠዋት ለይላ ሆዷን ይዛ ተንከባለለች። ትርፍ አንጀት ነው፣ ደሴ ሄዳ ካልተቀደደች ይፈነዳል ተባለ። አምቡላንስ ተገኘ፣ አብራት የምትሄድ ነርስ ደግሞ ያስፈልጋል። እናቴ እኛን አየችን፣ እማማ ሐዋን አየች። እማማ ሐዋ ወገባቸውን ይዘው ከደጃፉ ሳይነሱ እንዲህ አሏት፦

«ሲስተር፣ እናቷ አንቺ ነሽ፣ ይዘሻት ሂጂ። የእነዚህ እናት ደሞ እኔ ነኝ። አብሽሪ።»

እኔ የአምቡላንሱ መወጣጫ ላይ አንድ እግሬን አስቀምጬ ነበር። ከለይላ አጠገብ ትንሽ ቦታ ታየኛለች፣ ለእኔ የምትበቃ። እናቴ ግሉኮሱን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ «ማሂ፣ ውረጂ። ናቲን ያዢ። ነገ እመጣለሁ» አለችኝ። ወረድኩ። በሩ ተዘጋ። በመስኮቱ የለይላ ራስ የእናቴ ጭን ላይ አርፎ ይታየኝ ነበር።

ነገ አልመጣችም። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ፣ ተኩሱ ከተማው ጫፍ ደረሰ። እማማ ሐዋ ናቲን በሰው አህያ ላይ አስቀምጠው፣ እኔን በእጄ ይዘው፣ ወገባቸውን እየደገፉ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ወንድማቸው ቤት አስገቡን። የመንደሩ ሰው እነዚህ የማን ናቸው ሲላቸው «የጡት ልጆቼ» ይላሉ፣ ከዚያ በላይ የሚጠይቅ የለም። ቂጣው ሲቆረስ መጀመሪያ ለኛ ነው። ናቲ ሳምንት ሳይቆይ እማማ ሐዋን እማ ማለት ጀመረ፤ ቂጣውን ነጥቄ ለዶሮ ልሰጥበት ምንም አልቀረኝም።

ማሽላው ደርሶ ነበርና ለእኔም ማጭድ ተሰጠኝ። እናቴ ትሙት ትኑር አላውቅም። ሞታ ከሆነ ምን እሆናለሁ እላለሁ፤ ቀጥሎ፣ አትፍረዱብኝ፣ ደህና ከሆነችስ ከለይላ ጋር ናት እላለሁ። አገዳውን እንደ ጠላት ስዘለዝለው እማማ ሐዋ አይተው «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው የተባለው ለዚች ነው» አሉና ማጭዱን ከእጄ ወስደው ራሴን ደረታቸው ላይ አደረጉት። ነጭ ሽንኩርት ሸተቱኝ። አለቀስኩ።

አመሻሽ ላይ ከሰገዱ በኋላ ዱዓ ሲያደርጉ እሰማቸዋለሁ። ሁልጊዜ ሲስተርን ጠብቅልኝ፣ ለይላን ጠብቅልኝ ይላሉ። ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል። የገዛ የልጅ ልጃቸውን ከእናቴ ኋላ ያስቀመጡት ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ አሁን ሳስበው፣ ልጆቿ አጠገባቸው ተኝተው የሚሰሙ መሆናቸውን ያውቁ ነበር መሰለኝ።

ታኅሣሥ ላይ ጦሩ ሲርቅ ወደ ሐይቅ ተመለስን። ቤቱ ተዘርፎ ነበር፣ የዘይቱኑ ዛፍና ሁለቱ ሳፋዎች ብቻ ቀርተዋል። ጥቂት ቆይቶ አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ከደጃችን ቆመና እናቴ ወረደች። ከስታለች፣ ጠቁራለች። ሮጥኩ፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ ከእናቴ ፊት በፊት ያየሁት ከኋላዋ የወረደችውን ለይላን ነው። አረንጓዴ ሹራቤን እጅጌው አጥሮባት ለብሳለች።

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። ለይላ ቀዶ ጥገናው ተደርጎላት ሳታገግም ደሴም አላስቀምጥ ሲል፣ እናቴ አንዳንዴ በመኪና፣ አንዳንዴ ለይላን በትከሻዋ ደግፋ በእግር፣ ደብረ ብርሃን አደረሰቻት። አክስቴ አልማዝ ቤት ከረሙ። የተኙት ድሮ አክስቴ ቤት ሳድር እኔ በምተኛበት አልጋ ላይ ነው፣ ሁለቱ፣ በአንድ ብርድ ልብስ። ለይላ ደግሞ ጠዋት ሣሩ ላይ ጨው የመሰለ ነገር ይተኛል፣ ስትረግጪው ይንኮሻኮሻል ብላ በመደነቅ አወራችኝ። የአገሬን ውርጭ ለእኔ!

ዓመታት ሄዱ። እማማ ሐዋ አረፉ። የጅዳዋ እናት ለለቅሶው መጥታ እንደ እንግዳ ሰንብታ ተመለሰች። እኔ ተምሬ አዳማ ሥራ ያዝኩ፣ ለይላ ነርስ ሆና እናቴ በምትሠራበት ጤና ጣቢያ ገባች፣ ከፈረቃ አብረው ወጥተው አብረው ይገባሉ። አሁን ሁለቱንም እግር የምታጥበው እሷ ናት።

ታዲያ ማሩን ቀምሼ፣ በእሷ ስም ተጠርቼ፣ ልቤ እንደ ቆሰለ ለይላ ጋ ደወልኩ። እየቀለድኩ መስዬ እናቴን ጨርሰሽ ወሰድሻት፣ ስሜንም ረስታዋለች አልኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«ደብረ ብርሃን እያለን እማ ምን ስትለኝ እንደነበር ነግሬሽ አላውቅም» አለችኝ። «ማሂ ነበር የምትለኝ። መጀመሪያ ሰሞን ለይላ ነኝ እማ እላታለሁ። እንደዚያ ባልኳት ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። ኋላ ማረሙን ተውኩት። ማሂ ስትለኝ አቤት እላለሁ። ሹራብሽንም የለበስኩት ብርዱን ፈርቼ ብቻ አይደለም፣ እሱን ስለብስ ትንሽ እህል ትቀምስ ነበር። ወላሂ፣ እንዳንቺ የቀናሁበት ሰው የለም። እኔን ናፍቆ ሌላ ሰው በስሜ የጠራ ይኖር ይሆን እያልኩ ነበር የምተኛው።»

እናቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም። አባቴ ሲሞት እንኳ ጓዳ ገብታ፣ በር ዘግታ፣ ፊቷን ታጥባ ነው የወጣችው። ለእኔ ያለቀሰችውን ለቅሶ ያየችው ለይላ ናት። ያንን ማንም ሊመልስልኝ አይችልም፣ ማር ተጭኖ ቢመጣም አይከፍለውም። ለይላም ብትሆን የኔን ስም ለብሳ የተቀበለችው ፍቅር የማን እንደነበር እያወቀች ነው ያደገችው። ስልኩን ዘግቼ የማሩን ፌስታል እንደ ነበረው መልሼ ቋጠርኩት።

በማግስቱ እናቴ ራሷ ደወለች። ከሥራ መግባቷ ነው፣ ድምፅዋ ድካም ድካም ይላል፣ ከኋላዋ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሲቀዳ ይሰማኛል።

«ለይላ?» አለችኝ።

ለይላ አጠገቧ ተንበርክካ እንደምትሰማ አውቃለሁ። ቅናቴም አልለቀቀኝም።

«አቤት እማ» አልኳት።