ድሪቶ አይደለም

ስም መጥራት አልወድም፤ ያኔ የነበርነውን ግን አንድ በአንድ ልናገር። ልቡን የታመመው ጓደኛዬ፤ እናቱ፤ ታናሽ እኅቱ፤ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ የሚሠራው ልብስ ሰፊ፤ እና እኔ። ጠያቂውን ሁሉ ልቁጠር ብል አላበቃም።

ጓደኛዬ ወደ ተራራው ለሚወጡ ቱሪስቶች በቅሎ ይጭን ነበር። ከጎንደር ሐኪም ቤት ሲመለስ ግን ከመኝታው እስከ በሩ ለመድረስ መሃል ላይ ያርፍ ጀመር። ሲተኛ ትንፋሽ ስለሚያጥረው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ነው የሚውለው። እግሩ አብጧል፤ ጣት ሲያርፍበት እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል። የጥቅምት ውርጭ ደግሞ ጉልበቱን ያዘው። ጋቢ ሲደርቡለት "ከበደኝ" ይላል። ጋቢው ተንሸራቶ ሲወድቅ ጎንበስ ብሎ ማንሳት አይችልም።

አንድ ቱሪስት የተወለት የተቀደደ የመኝታ ከረጢት ነበር። ውስጡ ሙቀት ያለው፣ እንደ ጥጥ የቀለለ ነገር ነው። እሱን አውጥቼ በሁለት ጨርቅ መሃል ልሰፋለት አሰብኩ። ከታች የከረጢቱን ጨርቅ፣ ከላይ ደግሞ እሱ የሚያውቃቸውን ልብሶች ቁራጭ፦ የተማሪ ቤት ደንብ ልብሳችንን፣ የኳስ ማልያውን፣ የእኅቱን አሮጌ ቀሚስ።

ቁራጮቹን የቆረጠልኝና በመኪና የገጠመልኝ ልብስ ሰፊው ነው።

"ጋሼ፣ ይቺ ማዕዘን አልገጠመችም" አልኩት።

"የቷ?"

"ይቺ። ጥፍር ታህል ወጥታለች።"

"አንተ ልጅ፣ መቅደስ ልታስጌጥ ነው ወይስ ጉልበት ልትሸፍን? ካንተ ጋር ስከራከር ሁለት ሱሪ በሰፋሁ።"

ፈትቼ በእጄ ሰፋሁት። ወፍራም ስፌት ያበጠ ሥጋ ላይ ምልክት ይተዋል፤ ይህን ማን ይስማኝ? ውስጡ ደግሞ ካልተያዘ አንድ ጥግ ይከማቻል። ላዩን በመስመር በመስመር ስወጋው በየመርፌው የውስጡ ነጭ ክር እየተከተለ ይወጣል። እየጎተትኩ፣ እየረገምኩ ጨረስኩት።

እናቱ በእጃቸው እንኳ አልተቀበሉኝም።

"ምንድን ነው ይኸ?"

"የጉልበት ልብስ ነው፣ እማማ።"

"ድሪቶ ነው እንጂ! ልጄን በቁሙ ለማኝ ልታስመስለው ነው? ጠያቂ ምን ይላል?"

"ድሪቶ አይደለም። ድሪቶ ቀዳዳ ለመድፈን ነው የሚጣፈው፤ ይኸ ግን..."

ሳልጨርስ አጥፈው አልጋው ሥር ከተቱት።

"ግድ የለም፣ ጠያቂ ሲሄድ እናወጣዋለን" አለችኝ እኅቱ በሹክሹክታ።

ጠያቂ መቼ ይሄዳል? አንዱ "እግዜር ይማርህ" ብሎ ሲነሳ ሌላው ደጁ ላይ ጫማውን ያራግፋል። እኔ መሃላቸው ተቀምጬ የወደቀውን ጋቢ አነሳለሁ። እንደገና ይወድቃል፤ እንደገና አነሳለሁ። የሰፋሁት እዚያው፣ እግሬ ሥር፣ አልጋው ሥር ነው።

አንድ ጠዋት እናቱ ከበር ተቀበሉኝ። "ና፣ አሳምሬልሃለሁ!"

የሰፋሁትን ነጭ አቡጀዲ በላይም በታችም አልብሰውታል። የገጠምኳቸው ማዕዘኖች አንዳቸውም አይታዩም። ስፌታቸው ደግሞ ጣት የሚያስገባ፣ ጠማማ።

"አሁን ሰው ፊት ይወጣል" አሉ ደስ ብሏቸው።

ኪሴ ውስጥ ምላጭ ነበር። አቡጀዲውን ልፈታ አወጣሁት። ጓደኛዬ እጁን ጨርቁ ላይ አሳረፈ።

"እንዳትነካው" አለ። ትንፋሹን ሰብስቦ ጨመረ፦ "ሞቆኛል።"

የሚያናድደው፣ አቡጀዲው ሻካራ ስለሆነ ከጉልበቱ አይንሸራተትም። የኔ፣ የከረጢቱ ጨርቅ፣ ያንሸራትት ነበር።

ከዚያ ከአቡጀዲው ሥር ያለውን የኔን ስፌት በጣቱ እየዳሰሰ ሄደ። ቀኝ እጁ ሥር ያለችው ጥግ ላይ ቆመና "ይቺ የደንብ ልብሳችን ናት" አለ።

"አይደለችም" አልኩት። "ማልያህ ናት።"

ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት። "ደግሞ ከበሽተኛ ጋር ትከራከራለህ!" ብለው እናቱ ገላመጡኝ።

ጓደኛዬ በሞት እስኪለየን ድረስ ልብሱ ጉልበቱ ላይ ነበር። ዛሬ እኅቱ ዘንድ ነው ያለው። ባለፈው ይህን ሳነሳላት "እሱ ነበር ልክ፤ ጥጓ የደንብ ልብስ ናት" አለችኝ። ልክ ከሆነች፣ ትንፋሹን ቆጥቦ የተናገረውን በከንቱ አረምኩበት። አቡጀዲውን ፈትቶ ማየት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን አልፈታውም፣ እንዳትነካው ብሎኛል። ስለዚህ ጋሼ፣ ቁራጮቹን የቆረጥካቸው አንተ ነህ። ሌሎቻችሁም ያኔ የነበራችሁ፣ የምታስታውሱ ካላችሁ ንገሩኝ፦ በስተቀኝ በኩል ያለችው ጥግ የምን ጨርቅ ናት?