ከጠርዝ የሚታይ ሐይቅ

ቨርና ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትጽፋለች። «ሐይቁ ገና አልተነሳም፤ ጉሙን እስከ አገጩ ተከናንቦ ተኝቷል።» እንዲህ ያለ ነገር። ሳስካቸዋን ያለው ኤሜት ይከተላታል። ስንዴ አምራች ነው፤ ቤቱን ከከበበው ሜዳ በቀር የሚያየው የለውም። «እዚህ ምንም የለም» ይላል፣ «ምንም የሚባለው ነገር ግን ዛሬ በጣም ሰፊ ነው።» ከዚያ ጋስፔ ካለው የባሕር ዳር ቤቷ ቴሬዝ ብቅ ትላለች፤ «ባሕሩ ተቆጥቷል። ባሌም ተቆጥቷል። ሁለቱም እስከ ምሳ ይበርዳሉ።»

መጨረሻ ላይ እኔ።

ቤታችን ይኸው ነው። ስሙ «መስኮት» ይባላል። ስልክ ወይም ታብሌት ላይ የምንከፍተው የጽሑፍ ክፍል ነው እንጂ ግድግዳም ጣራም የለውም። በደጉ ጊዜ አስራ አንድ ሰው ይገባበት ነበር አሉ። እኔ ስደርስ ሦስት ቀርተው ነበር፤ በኔ አራት ሆንን።

የክፍሉ ባለቤት ቨርና ናት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። በቀን ሁለቴ የሱፒሪየር ሐይቅን ዳርቻ ይዛ ትሄዳለች፤ የሰማዩን ነገር ከኋላዋ ለተቀመጡት ልጆች እየጮኸች ታወራለች። ጡረታ ስትወጣ የሚሰማት አጣች። ባሏም ከሞተ ቆይቷል። የወንድሟ ልጅ «እንግዲያው ጻፊው» ብሎ ይህን ክፍል ከፈተላት፤ ሕጉን ራሷ አወጣች። ጠዋት ጠዋት ከመስኮትህ የምታየውን ጻፍ። ፎቶ አይለጠፍም። ያላየ አይጻፍ።

በሕግ ቀልድ አታውቅም። እኔ ከመግባቴ በፊት አንድ ቀን ኤሜት ከአልጋው ሳይነሳ «በረዶ፣ እንደተለመደው» ብሎ ጻፈላቸው።

«በየት በኩል ነው የሚነፍሰው?» አለችው ቨርና።

«ከምዕራብ።»

«አልጋህ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው?»

ሦስት ቀን እንዳይጽፍ ቀጣችው። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ «አለቃ» ይላታል፤ ቂሙን ግን አልረሳም።

እኔ የገባሁት ልጄ ሮዋን ሦስት ወሯ ሳለ ነው። ባሌ ማዕድን ማውጫው ላይ ሁለት ሳምንት ይሠራል፣ ሁለት ሳምንት ቤት ይሆናል። እኔ ቅዳሜና እሁድ የሕንጻ መሣሪያ መደብር ውስጥ እሸጣለሁ፤ በሌላው ቀን ከልጄ ጋር ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ በላይ ባለችው ጠባብ ቤታችን ነኝ። ከቨርና ጋር የአንድ ከተማ ሰዎች ነን፤ ግራናይት ቤይ ትንሽ ከተማ ናት። ግን የኔ መስኮት ሐይቅ አያይም። በመጀመሪያው ቀን አፍሬ «የማየው የዳቦ ቤቱን መኪና ማቆሚያ ነው፤ ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩ።

«የምን ይቅርታ ነው? መኪና ማቆሚያም ሰማይ አለው» አለችኝ። «ማን ቆሟል?»

ሮዋንን ታቅፌ እንደገና አየሁ። የዳቦ ጋጋሪው ሰማያዊ መኪና ቆሟል። ሞተሩ ገና ትኩስ ስለሆነ ኮፈኑ ላይ ያለው በረዶ ቀልጧል፤ አንድ ቁራ እዚያ ላይ ቆሞ እግሩን ያሞቃል። ይህንኑ ጻፍኩ።

«ቁራው ኪራይ ይከፍላል?» አለ ኤሜት።

ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ያደረች ልጅ ይዤ ለብቻዬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስነሳ የማየው ነገር እንዳለ አውቄ ነው የምነሳው። በእድሜ ቨርና እናቴን ትበልጣለች፤ «መስኮት» ውስጥ ግን ሁላችንም እኩያ ነን።

ነገሩ የጀመረው በመጋቢት ነው። ቨርና «የሃልቨርሰን ቀይ የጀልባ ቤት በረዶው ላይ ረጅም ጥላውን አንጥፏል» ብላ ጻፈች። ደስ ብሎኝ አነበብኩ። የሮዋንን ጡጦ መሙላት ጀምሬ ግን እጄ ቆመ። ያንን የጀልባ ቤት የጥር ነፋስ ነቅሎታል። የተቆለለውን ሳንቃ እኔው የሮዋንን ጋሪ እየገፋሁ በአጠገቡ አልፌያለሁ፤ ከቨርና መስኮት ፊት ለፊት ነው። ተሳስታ ይሆናል ብዬ ተውኩት። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ወደቡ ጫፍ ያለው ቢጫ መብራት «ዓይኑን እያርገበገበ ነው» አለች። መብራቱ ከተሰበረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

የዚያኑ ቀን ዳቦ ይዤ ቤቷ ሄድኩ። በሩን ከፍታ «ግቢ፣ ግቢ፤ ከገበያ ነው? የያዝሽውን ዕቃም አስገቢው» አለችኝ ጋሪውን እያየች። ሮዋን ጋሪው ውስጥ ሆና ሳቀች። ቨርና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ቨርና፣ አይታይሽም እንዴ?»

«ይታየኛል። መሃሉ ነው የሌለው።» ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «አንቺን ቀጥ ብዬ ሳይሽ ፊትሽ ያለበት ቦታ ባዶ ነው። ጆሮሽ አለ። ምድጃውን ካየሁ ደግሞ አፍንጫሽ ትንሽ ይመጣል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስከረም። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረው እንዳይሄድ ግን መርፌ አለ ብሎኛል።»

«ታዲያ የጻፍሽልን ሐይቅ ሁሉ?»

«ሃያ ስምንት ዓመት በቀን ሁለቴ አይቼዋለሁ። ያስቀመጥኩት ጠዋት ብዙ ነው። ሕጉን ማን እንዳወጣው አውቃለሁ፤ አትንገሪኝ። ቅዳሜ ሥራ በዛብኝ ብዬ እወጣለሁ። አንቺም ምንም አላየሽም፤ እሺ?»

ከዚያ ወጥታ የት ልትሄድ? የጠዋቷ አንድ ሰዓት ያ ክፍል ነው። ካልጻፈች ቀኑን ሙሉ የሚያናግራት ሰው ላይመጣ ይችላል። እኔ ደግሞ ችግር ሳይ መላ ካልፈለግሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። «እኔ ዓይን ልሁንሽ» አልኳት። «በየጠዋቱ ሮዋንን ይዤ እመጣለሁ። እኔ አያለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ። ቢያንስ የዛሬው ሐይቅ ይሆናል።»

ብዙ አንገራግራ እሺ አለች።

ዘጠኝ ቀን እንዲህ አደረግን። እነዚያ ጠዋቶች አሁን ሳስባቸው እንደ ሕልም ናቸው። ሳሎኗ ይሞቃል፤ ሮዋን ምንጣፉ ላይ ትንደባለላለች፤ ከውጭ የበረዶው ግግር ሲሰነጠቅ እንደ ሩቅ በር ሲጥጥ ይላል። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ «ግራጫ ነው» እላለሁ።

«ምን ዓይነት ግራጫ? የርግብ ነው የአሮጌ ማንኪያ?»

«የማንኪያ። ግን የተጠረገ።»

«ወዲያኛው ዳር ይታያል?»

«ዳር የለውም። ሰማዩና ውሃው የተለያዩበት ቦታ የለም።»

ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥና ትጽፋለች፤ አንድ ፊደል የእንቁላል ያህል አድርጋ። ቃላቱ ያምራሉ። እሷ ግን አንድም ቀን ደስ ሲላት አላየሁም። «የሰው ጥርስ ተውሼ እንደማኘክ ነው» አለችኝ አንዴ።

እኔም የራሴ ጣጣ ነበረብኝ። አንድ ሰዓት ላይ እሷ ጋ ከሆንኩ የኔን መኪና ማቆሚያ ማን ያየዋል? ሮዋን ጠዋት ፋታ ስለማትሰጠኝ ማታ ማታ ጽፌ አስቀምጠው ጀመር፤ ጠዋት ቨርና ስትጨርስ እኔም ስልኬን አውጥቼ እልካለሁ። ዳቦ ጋጋሪው ቦታውን አይቀይር፣ ምን ችግር አለው ብዬ።

በዘጠነኛው ቀን ከባድ በረዶ ወረደ። ቨርና «የሚወርደው እያንዳንዱ ቅንጣት የሕጻን መዳፍ ያህላል፤ ሐይቁ ተቀብሎ ዝም ይላል» ብላ ላከች። እኔም ሳላስብ ያስቀመጥኩትን ላክሁ፤ «መኪና ማቆሚያው ደረቅ ነው። ፀሐይ የሰማያዊውን መኪና ኮፈን እየላሰች ነው።»

የቨርና ታብሌት የሚመጣውን ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላታል። መጀመሪያ የመጣው የቴሬዝ ነበር።

«ኬልሲ፣ የኔ ቆንጆ፣ አንቺና ቨርና የሚለያችሁ ሁለት መንገድ ነው አይደል? ደመናው ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል እንዴ?»

«ዳቦ ሊገዛ ገብቶ ይሆናል» አለ ኤሜት። ወዲያው ደግሞ፣ «አለቃ! ሕግ ተጥሷል! አራት ዓመት ነው የጠበቅሁት! ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ቅጫት!»

ቨርናን አየኋት፤ እጇ ታብሌቱ ላይ ቆሟል።

«ቅጪኝ» አልኩ በሹክሹክታ። «ሦስት ቀን ምን አላት? ለነሱ የተኛሁ ይምሰላቸው።»

«ለኔ ስትይ ነው የዋሸሽው። አሁን በሐሰቴ ላይ ተቀምጬ ልፍረድብሽ?»

«ካወቁብሽ ትወጫለሽ እኮ።»

«ሮዋንን ያዣት፤ የታብሌቱን ገመድ እየጎተተች ነው» አለችኝ። አልተሳሳተችም፤ በዓይኗ ጠርዝ አይታታለች። ከዚያ መጻፍ ጀመረች። በጣም ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ ሁለቱ እዚያ ማዶ ይጠብቃሉ።

«ኬልሲ ቤቷ የለችም፣ እኔ ጋ ናት። ከመስከረም ጀምሮ የዓይኔ መሃል ጠፍቷል። የጻፍኩላችሁ ሐይቅ የድሮ ነው፤ የሰሞኑ ደግሞ ኬልሲ ያየችው ነው። ሕጉን ያወጣሁ እኔ ስለሆንኩ እወጣለሁ። ክፍሉን ኤሜት ይያዘው።»

ውጭ በረዶው ይወርዳል።

«የገና ዕለት የጻፍሽልንስ?» አለ ኤሜት በመጨረሻ። «ውሃው ሲያጨስ፣ ፀሐይዋ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ ፀሐይ ይዛ የወጣችበት?»

«ያንን ከአውቶቡሱ ነው ያየሁት። የዛሬ ሠላሳ ዓመት።»

«ማቀዝቀዣዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።»

«ቅደደው።»

«አልቀድም።»

ቴሬዝ ገባች። «ስድስት ወር! እኔ የባሌን ኩርፊያ ሳይቀር ስነግርሽ አንቺ ዓይንሽን ትደብቂኛለሽ? እንዲያው ጓደኛ ነሽ?»

ቨርና ከንፈሯን ነከሰች።

«ክፍሉን ስጡኝ አላልኩም» አለ ኤሜት። «ሕጉ ግን ሕግ ነው። ሁለታችሁም ሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን፣ አለቃ፣ አንድ ሰዓት ላይ የምታዪውን ትጽፊያለሽ።»

«የማየው የለም እያልኩህ?»

«እኔስ ምን አለኝ? ስንት ዓመት ሙሉ ‹ምንም›ን ስጽፍልሽ አልኖርኩም?»

ቨርና ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥላ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ሮዋንም ምኑ እንዳሳቃት ሳታውቅ አብራት ሳቀች።

ሦስቱን ቀን ወደ ቨርና አልሄድኩም፤ «ካስፈለግሽኝ እደውላለሁ» ብላኛለች። በአራተኛው ጠዋት ከራሴ መስኮት ሥር ሮዋንን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስልኬን ከፈትኩ። አንድ ሰዓት ሆነ፤ የለችም። ሩቡም አለፈ። ኤሜትም ቴሬዝም ምንም አይጽፉም፤ እነሱም እንደኔ ትንፋሻቸውን ይዘው እንደተቀመጡ አውቃለሁ። እንግዲህ ተወችን ማለት ነው ብዬ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል መጣ።

«መሃሉ ላይ ግራጫ ክብ አለ። እሱ የኔ ነው፣ የሐይቁ አይደለም። በግራ ጠርዝ ብርሃን ይንቀጠቀጣል፤ በረዶው ተላቆ ውሃ ታይቷል መሰለኝ። በቀኝ አንድ ነጭ ነገር አለፈ። ወፍ ነው ወይ የጎረቤት አንሶላ። ቀጥ ብዬ ላየው ስል ጠፋ።»

«አንሶላ ነው» አለ ኤሜት።

«ወፍ ነው፣ አንተ ደረቅ!» አለች ቴሬዝ።

እስከ ምሳ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። ስለ እኔ ማቆሚያ የጠየቀኝ አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት የመርፌ ቀጠሮዋ ነበር። ሐኪሙ ያለበት ተንደር ቤይ በመኪና ሦስት ሰዓት ያስኬዳል፤ ባሌ ቤት ስለነበር መኪናውን እኔ ወሰድኩ። ሮዋን ከኋላ ተኝታለች። መንገዱ ከሐይቁ ጎን ጎን ይሄዳል፤ ግግሩ ተከፋፍሎ እንደ ትላልቅ ነጭ ቅጠል ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ በመካከሉ ሰማያዊው ብቅ ጥልቅ ይላል። አላስቻለኝም።

«ቨርና፣ ብታይው፣ በረዶው እኮ …»

«ዝም በይ» አለችኝ። አንገቷን ወደኔ አዙራ የመሪውን እንብርት ትኩር ብላ ታያለች፤ ሐይቁ ከትከሻዋ ጎን፣ ከዓይኗ ጠርዝ ላይ ነበር። «አትንገሪኝ። እያየሁት ነው።»